«ጠገቡ» የተባሉ ከፋዮች፦ ከጎጃም የግብር አቤቱታ እስከ ተቆለፈው ሞባይል

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የእጅ ስልክ ነው። ከዓመታት በፊት ባሕር ማዶ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለደብረ ማርቆስ ዘመዶቹ አንዲት ሞባይል ላከ። ስልኳ በሰው እጅ አዲስ አበባ ደረሰች፤ በሌላ ሰው እጅ ደግሞ የዓባይን በረሃ ተሻግራ፣ በደጀን በኩል ሽቅብ ወጥታ፣ አባቶቻችን መንቆረር ይሏት ከነበረችው ከተማችን ገባች። ሲም ካርድ ከተን ስናበራት ግን ሥራ በመጀመር ፈንታ የማናውቀውን የቁጥር ኮድ ጠየቀችን። ገበያው አጠገብ ወዳለ አንድ የሞባይል ጠጋኝ ይዘናት ሄድን። ወጣቱ አገላብጦ አያትና፣ «ይቺ ሎክድ ናት፤ ከተገዛችበት ኩባንያ ሲም በቀር ሌላ አትቀበልም። እንድትከፈት ከፈለጋችሁ የማስከፈቻ ትከፍላላችሁ» አለን።

አብረውኝ የነበሩት አጎቴ ግን ነገሩ አልገባቸውም። «ዕቃው የገዛው ሰው ዕቃ አይደለም እንዴ? ሻጩ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ቁልፉን ለምን ከእሱ ዘንድ አስቀረው?» ሲሉ ጠየቁ። ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ጎልማሳ ሣቅ አለና፣ «አባቴ፣ ስልክ ከባሕር ማዶ በነፃ መጥቶልዎ ደግሞ ያማርራሉ? ይህማ ጥጋብ ነው!» አላቸው። አጎቴ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይህቺን ቃል ከአንተ በፊት ሰምቻታለሁ። በሥልሳ ዓመተ ምሕረት» ብለው ዝም አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ያቺን የአጎቴን ዝምታ ለመፍታት የተደረገ ሙከራ ነው። ስለ ተቆለፈ ስልክና ስለ ሮሚንግ ዋጋ ማማረር የቅንጦት ለቅሶ ነውን? ወይስ በዚህች አገር ከፍሎ የጠየቀ ሁሉ ሲሰማው የኖረው የአንድ አሮጌ ስድብ አዲስ ምዕራፍ ነው? እኔ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም ከታሪክ ልዘርዝር።

ጥጋብ የገዢ ቃል ነው

በአማርኛችን «ጥጋብ» የሆድ ነገር ብቻ አይደለም። ገባሪው አንገቱን ደፍቶ ከገበረ ጨዋ ነው፤ «ስንት ነው? ለምንድን ነው? በማንስ ሚዛን ተመዘነ?» ብሎ ከጠየቀ ግን ጠገበ ይባላል። ጎጃም ይህን ቃል ደጋግሞ የሰማ አገር ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. አካባቢ፣ ቀጥሎም በ1943 ዓ.ም. አካባቢ የመሬት ልኬትንና አዲስ ግብርን በመቃወም ሕዝቡ ተነሥቷል። ከሁሉም የከፋው ግን የ1960 ዓ.ም. ነው።

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲነበብ ክፉ የሚባል አልነበረም፤ ብዙ የሚያመርት ብዙ፣ ጥቂት የሚያመርት ጥቂት ይክፈል የሚል ነበር። ይሁንና የእያንዳንዱን ገበሬ ገቢ የሚወስነው ገበሬው ሳይሆን ከላይ የተላከ ገማች ነው። ገማቹ ማሳው ዳር ቆሞ ያየውን ይጽፋል፤ ገበሬው በተጻፈው ይጠየቃል። ለጎጃም ባለርስት ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነበር። ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፤ መሬቱን የለካም ርስቱን ይነቅላል የሚል ሥጋት ነበረው። ሥጋቱ ልክ ይሁን አይሁን ቁጭ ብሎ ያስረዳው አልነበረም።

ገበሬው በመጀመሪያ ያደረገው አቤት ማለት ነው። ሽማግሌ መርጦ ወደ አዲስ አበባ ላከ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከሕዝቡ ጋር የነበራቸው ቅራኔ የታወቀ ነበርና አቤቱታው በእርሳቸውም አስተዳደር ላይ ነበር። ነገር ግን የአቤቱታው መንገድ ዞሮ ዞሮ የሚያበቃው ከዚያው ከተከሰሰው ደጅ ነበር። ሰሚ ሲጠፋ በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በሌሎችም አውራጃዎች ገበሬው አልገብርም አለ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ሳይቀር ዘመተ። ደም ፈሰሰ፤ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻም መንግሥት ገዢውን አነሣ፤ ግምቱን ተወው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1961 ዓ.ም. ወደ ጎጃም መጥተው ውዝፍ ግብር ማሩ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛው፣ በስተመጨረሻ የተፈቀደው ነገር ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ ከጠየቁት የራቀ አለመሆኑ ነው። በወረቀትና በቃል ሊያልቅ ይችል የነበረው ጉዳይ በጥይት አለቀ፤ በመካከሉ የሚሰማ ተቋም አልነበረምና። ሁለተኛው፣ ያ ምሕረት እንደ መብት ሳይሆን እንደ ችሮታ መሰጠቱ ነው። በችሮታ የተሰጠ ነገር ደግሞ ሰጪው በፈለገ ጊዜ መልሶ ሊነሣው ይችላል። አሁን ወደ ስልኩ እንመለስ፤ ስልክም ወደ አገራችን የገባው በዚሁ በችሮታ በር ነውና።

የቤተ መንግሥት ጆሮ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1882 ዓ.ም. ደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኮንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው ሲመለሱ ይዘውት ነው። ካህናቱ ሰው ሳይታይ ድምፁ በሽቦ ሲሰማ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው መደንገጣቸው፣ አፄ ምኒልክም እንዳልተቀበሏቸው ሲተረክ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር ሥራ ተጀመረ። ከዚያም ሽቦው ወደየጠቅላይ ግዛቱ ተዘረጋ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1932 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች።

ይህ በእውነት የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ብዙ የአፍሪካ አገር በቅኝ ገዢ እጅ ስልክ ሲያይ እኛ በራሳችን ንጉሥ ፈቃድ አይተናል። ሆኖም ስልኩ ለምን አገልግሎት እንደመጣ ልብ እንበል። ማዕከሉ ግዛቱን እንዲሰማና እንዲያዝዝበት ነው የመጣው። ገዢው ለንጉሡ ይናገራል፤ ንጉሡ ለገዢው ያዝዛል፤ በየጣቢያው የተቀመጠው ስልከኛ ያገናኛል። ተራው ሰው በሽቦው ውስጥ ወሬው ያልፋል እንጂ ድምፁ አያልፍም። «ደንበኛ» የሚባል ሰው ገና አልተወለደም ነበር።

በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ሒሳቡን ለብቻው የሚይዝና ከከፋይ በሚሰበስበው ገንዘብ የሚሠራ ድርጅት በመሆኑ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። በደርግ ዘመን በ1973 ዓ.ም. ባለሥልጣን፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ደግሞ የፈረንሳይ ቴሌኮም ኃላፊዎች እንዲመሩት ሆኖ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ሕዝቡ ግን በየዘመኑ በአንድ ስም ብቻ ነው የሚጠራው፤ «ቴሌ» ይለዋል። ይህ የሕዝብ ስያሜ በራሱ ፍርድ ያዘለ ይመስለኛል። ስም ቢለዋወጥም የሚኬድበት በር አንድ ነው ማለት ነው።

በልጅነታችን ወደ ቴሌ መሄድ ራሱን የቻለ ጉዞ ነበር። ሰው ንጹሕ ልብሱን ለብሶ፣ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሄዳል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። መስመሩ ሲገኝ ወደ ክፍሏ ገብቶ ጮኾ ይናገራል፤ የውጭው ሰው ሁሉ ምሥጢሩን ይሰማል። ማንም ግን አያማርርም ነበር። አዲስ አበባ ያለ ልጅን ድምፅ መስማት ተአምር ነውና በተአምር ላይ ደረሰኝ አይጠየቅም።

ሞባይል ሲመጣ

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። ቁጥር ለማግኘት ተመዝግቦ መጠበቅ ነበረበት፤ ያገኘም ሰው እንደ ሹመት ይቆጥረው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገልግሎቱ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ የኛም ሰው ቁጥር ያዘ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ በኢትዮጵያ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ከገዢው ጠረጴዛ ተነሥቶ በነጋዴው፣ በተማሪውና በገበሬው ኪስ የገባው። ያን ጊዜ ነው ከፋዩ በሚሊዮን የተቆጠረው። የድሮው ልማድ ግን አልለቀቀም።

የምርጫ 97ን ዘመን እናስታውስ። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተነሣው ውዝግብ በሰኔ ወር የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። የተከፈተው በመስከረም 2000 ዓ.ም.፣ የሚሌኒየሙ በዓል ሲከበር ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ጊዜ! በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው ለስልኩ መክፈሉን አላቋረጠም፤ ከከፈለበት አገልግሎት አንዱ ክፍል ተቆርጦ ሲወሰድ ግን ካሳ አልተሰጠውም፤ ለመጠየቅም ያሰበ ጥቂት ነው። ሲከፈትም እንደ በዓል ስጦታ ተቀበልነው። የ1961ዱ የውዝፍ ግብር ምሕረት ትዝ አይልዎትም?

በዚያው ሰሞን ጎረቤቶቻችን ምን ያደርጉ እንደነበር ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሴልቴል የተባለው ኩባንያ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መካከል «አንድ ኔትዎርክ» የተባለ አገልግሎት ጀመረ። ከካምፓላ ወደ ናይሮቢ የተሻገረ ደንበኛው ድንበር እንዳልተሻገረ ተቆጥሮ በአገሬው ዋጋ ይናገር ጀመር። በኢትዮጵያ አጭር መልእክት በተዘጋበት ዓመት ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የኬንያ፣ የሩዋንዳና የኡጋንዳ መንግሥታት ራሳቸው ተስማምተው በመካከላቸው ያለውን የሮሚንግ ዋጋ በእጅጉ አወረዱት።

ሮሚንግ ለምን ይወደዳል?

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። አንድ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ሲሙን እንደያዘ ዱባይ ሲወርድ ስልኩ የዚያን አገር ኔትዎርክ ይይዛል። የዱባዩ ኩባንያ ይህን እንግዳ አያውቀውም፤ የሚያውቀው የእንግዳውን ቤት፣ የአገሩን ቴሌ ነው። ስለዚህ ለተናገረበት ሁሉ ሒሳቡን ለአገሩ ቴሌ ይልካል፤ የአገሩ ቴሌ ደግሞ የራሱን ጨምሮ ከነጋዴው ይቆርጣል። በሁለቱ ኩባንያዎች መካከል ያለው የጅምላ ዋጋ በስምምነት የሚወሰን ነው፤ ነጋዴው አያየውም፤ ሊከራከርበትም አይችልም። ገበያ ቢሆን ኖሮ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። እዚህ ግን ሻጮቹ በሌለበት ተስማምተው ጨርሰዋል። ለዚህ ነው የሮሚንግ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ወጪ ርቆ የሚሰቀለው።

ሀብታሞቹ አውሮፓውያንም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም ነበር። ለእረፍት ጎረቤት አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ያላሰበው ደረሰኝ ይጠብቀው ነበር። አማረሩ፤ ጋዜጣ ጻፈ፤ የተመረጠ እንደራሴ ጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ጣሪያውን በየጊዜው እያወረደ ቆይቶ ሰኔ 15 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በአባል አገሮቹ መካከል ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያን አስቀረ። ዐሥር ዓመት ፈጀ። «ጠገባችሁ» ብሎ ያባረራቸው ግን አልነበረም።

እኛስ ምን አደረግን? የኛ ሰው አቤት የሚልበት ሲያጣ ዘዴ ፈጠረ። «ሚስድ ኮል» የተባለውን ነገር እንመልከት። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ባሕር ማዶ ላለ አጎቱ አንዴ ጠርቶ ይዘጋል፤ አጎቱ የስልክ ካርድ ገዝቶ ይደውላል። ይህ የስንፍና ወይም የልመና ልማድ ብቻ ተደርጎ ሲቀለድበት እሰማለሁ። እኔ ግን ጸጥ ያለ አቤቱታ አድርጌ ነው የማየው፤ ዋጋው አይቻለኝም የሚል፣ ፊርማ የሌለው ማመልከቻ።

ሦስት ቁልፎች

ወደ ተቆለፈችው ስልክ ልመለስ። የአክስቴን ልጅ ስልክ የቆለፈው ሻጩ ኩባንያ ነው። የአሠራሩ ምክንያት እንዲህ ነው፦ ኩባንያው ውድ ስልክ በርካሽ ይሰጥና ቀሪውን ዋጋ በሁለት ዓመት የአገልግሎት ውል ውስጥ በትኖ ያስከፍላል። ውሉ ሳያልቅ ደንበኛው ወደ ተፎካካሪ እንዳይሻገር በስልኩ ውስጥ ባለ ፕሮግራም ይቆልፈዋል፤ ስልኩ የገባለትን ሲም ኮድ አይቶ የራሱ ካልሆነ አልሠራም ይላል። እስከ ውሉ መጨረሻ ድረስ ከሆነ ነገሩ ፍርድ አለው። ግን ውሉ አልቆ፣ ዕዳው ተከፍሎ፣ ስልኩ ውቅያኖስ ተሻግሮ ጎጃም ከደረሰ በኋላ ቁልፉ የማንን መብት ይጠብቃል?

አሜሪካውያንም ይህንኑ ጠይቀዋል። የሚገርመው፣ በአገራቸው ስልክ ማስከፈት የተፈቀደ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስኑት፣ ጉዳዩ በቅጂ መብት ሕግ ሥር በመውደቁ፣ የምክር ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፈቀዱ፤ ፈቃዱ በጥር 2013 ለአዳዲስ ስልኮች አበቃ። በዚህ ጊዜ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ለዋይት ሐውስ አቤቱታ ፈረሙ። መንግሥት መልስ መስጠት ግድ ሆነበት፤ ነሐሴ 1 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኦባማ ስልክ ማስከፈትን የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ልብ በሉ፤ ጉዳዩ ተራ ነው፣ የስልክ ቁልፍ። የተሠራበት መንገድ ግን ተራ አይደለም። ተራው ሰው ጠየቀ፣ የተጠየቀው መለሰ፣ ሕግ ወጣ።

ሁለተኛው ቁልፍ የመጣው ከራሳችን አገር ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባትን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ አደረገ። አዋጁ በረቂቅ ሳለ በኢንተርኔት ድምፅ መነጋገር ሊያሳስር ነው የሚል ሥጋት ተሰምቶ፣ መንግሥት ለግል መጠቀም ወንጀል አይደለም ብሎ ማብራራት ነበረበት። ቀጥሎም በመስከረም 2010 ዓ.ም. የስልክ ቀፎ ምዝገባ መጣ። እያንዳንዱ ስልክ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ ኔትዎርኩ ያንን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር እያመሳከረ ያልተመዘገበውን እንዲዘጋ ተደረገ። ዓላማው የኮንትሮባንድንና የስርቆትን መንገድ መዝጋት፣ በአገር ውስጥ የሚገጣጠሙትንም ማበረታታት ነው ተባለ።

ዓላማውን አልነቅፍም፤ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ሌባው እንዳይጠቀምበት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ግን ሸክሙ የወደቀው በማን ላይ ነበር? ኮንትሮባንዱን ባስገባው ነጋዴ ላይ ሳይሆን፣ ከሱቅ በገንዘቡ ገዝቶ ደረሰኝ ባልተሰጠው ሸማች ላይ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ለእናቱ የላከውን ስልክ እናቲቱ ሕጋዊ መሆኑን እንድታስረዳ ተጠየቀች። ሻጩ ያጠፋውን ገዢው ይካስ እንደማለት ነው። ከዓመት ገደማ በኋላ ግዴታው ሲነሣ፣ አሁንም እንደ ምሥራች ተነገረን። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሞባይል ድምፅ ዋጋ በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ ሲቀነስ እሰየው አልን። እሰየው ማለታችን ተገቢ ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን ውሳኔ ከመቶ አርባ እጅ ሊቀነስ የሚችል ዋጋ ለዓመታት ውድ ነው እያለ ሲጮኽ የነበረው ሰው በእውነት ጠግቦ ነበርን?

ሦስተኛው ቁልፍ ከሁሉ ይከፋል። ስልኩ ተከፍቶ፣ ተመዝግቦ፣ ሒሳብ ተሞልቶበት እያለ ኔትዎርኩ ራሱ ይዘጋል። በ2009፣ በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ወይም በከፊሏ በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ወቅት፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። የጦርነቱን ጉዳይ እዚህ ላይ አልገባበትም፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። እዚህ የምጠይቀው አንዲት ቀላል ጥያቄ ነው፦ ጥቅል ገዝቶ ቀኑ ያለፈበት፣ ሥራው የቆመበት፣ ልጁ ፈተና እንዴት እንደሆነለት ማወቅ ያልቻለ ከፋይ ጉዳቱን ለማን ያስመዝግብ? በስንተኛው መስኮት?

ላሟና ጥጃዋ

ለሚዛን ያህል የሌላኛውንም ወገን ነገር ልናገር። በጮቄ ተራራ ላይ የስልክ ማማ መትከል ቀላል አይደለም። መብራት በሌለበት ጀነሬተር ይሠራል፤ ነዳጁ በጭነት ይወጣል፤ ከማማው የሚገኘው ገቢ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። ከከተማው የሚገኘው ትርፍ ለገጠሩ መድረሻ ሆኗል፤ ከዚያም አልፎ መንግሥት ለሌሎች ታላላቅ ሥራዎቹ ገንዘብ ያገኘው ከዚህ ነው። ቴሌ የምትታለብ ላም ተደርጋ ትታይ እንደነበር የአደባባይ ምሥጢር ነው። ደንበኛውም ቢሆን ሁሌ ንጹሕ አይደለም። በቅናሽ ስልክ ወስዶ ውሉን ሳይፈጽም የሚሰወር አለ፤ ያልተነበበ ውል ፈርሞ ኋላ የሚጮኽ አለ፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ርካሽ ስልክ የሚገዛም አለ። ይህ መብት መጠየቅ አይደለም።

ነገር ግን ላም ያለው የጎጃም ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ላም የምትታለበው ከተመገበች ነው፤ ጥጃዋም ከተጠባች በኋላ ነው። ለጥጃዋ ሳያስቀር የሚያልብ ሰው ለከርሞ የሚያልበው አያገኝም። ከፋዩ ደግሞ ላሟን የሚቀልበው ሰው ነው። የሚቀልባት ሰው ወተቱ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቅ ምን ጥጋብ አለበት?

ደንበኛ ማለት

ዛሬ ሁኔታው ከ1960 ዓ.ም. ይለያል፤ ይህን መካድ ከሐቅ መራቅ ነው። በ2006 ዓ.ም. የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለውድድር ከፍቶ፣ አገልግሎት ሰጪውንና ተቆጣጣሪውን ለይቶ፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል። ባለሥልጣኑም ስለ ተጠቃሚዎች መብት መመሪያ አውጥቷል። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ዓ.ም. 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ፈቃድ አገኘ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ጀመረ። ከመቶ ዓመት በላይ በአንድ በር ስንገባና ስንወጣ ኖረን ሁለተኛ በር አየን።

ሁለተኛ በር ብቻውን ግን መብት አይሆንም። ሁለቱም በሮች በአንድ ትእዛዝ የሚዘጉ ከሆነ፣ በመካከላቸው መምረጥ የይስሙላ ነው። አቤቱታ ሰሚ መሥሪያ ቤትም በወረቀት መኖሩ አይበቃም፤ በደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ከፋይ ሒሳቡ ያለ አግባብ ሲቆረጥበት የት እንደሚሄድ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ፣ ሲፈረድለትም ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስለት ማወቅ አለበት። የ1960 ሽማግሌዎች የጎደላቸው ይህ ነበር። አቤቱታ አልጎደላቸውም፤ ድፍረትም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው፣ ከሳሽና ተከሳሽ ያልሆነ ሰሚ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ቃል ልናገርና ላብቃ። «ደንበኛ» እንላለን፤ ቃሉ «ደንብ» ከሚለው ጋር አንድ ቤት ነው። ደንበኛ ማለት ገዢ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛ፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ነገር ሁሉ ደንበኛ ይባላል። ደንበኛ ወተት፣ ደንበኛ ጠላ እንላለን። እንግዲህ በቋንቋችን ከፋዩ ደንበኛ ከተባለ በደንብ የታሰረ፣ ደንብም ያለው ሰው ነው ማለት ነው። ደንቡ እሱን ብቻ አስሮ ሻጩን ከለቀቀ ግን ደንበኛ አይደለም፤ ገባር ነው። በደንቡ መሠረት ከፍሎ በደንቡ መሠረት የሚጠይቅ ሰው ጥጋበኛ አይባልም። ዕዳውን የከፈለ ሰው የስልኩን ቁልፍ ቢጠይቅ፣ የሮሚንጉን ዋጋ ቢጠይቅ፣ የተዘጋበትን ቀን ካሳ ቢጠይቅ ደንበኛነቱን ነው የተወጣው።

የያቺ ስልክ መጨረሻ እንዲህ ሆነ። ወጣቱ ጠጋኝ ከሰዓታት በኋላ ከፈታት፤ የማስከፈቻውን ከፍለን ወጣን። አጎቴ በመንገድ ላይ ስልኳን እያገላበጡ፣ «እንግዲህ ለራሳችን ዕቃ ሁለት ጊዜ ከፈልን ማለት ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ያን ጊዜ እኛም የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። አንከፍልም አላልንም፤ ስንት ጊዜ እንደምንከፍል ንገሩን ነው ያልነው» አሉኝ። ያ ዝምታቸው የተፈታልኝ ያን ዕለት ነው።

ቸር ይግጠመን።